ከዘሩ በፊት ገዢው፦ ስለ ማሪጎልድ ልማት ለደረሱን ደብዳቤዎች የተሰጠ መልስ

ባለፉት ሳምንታት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ማሪጎልድ ስለሚባለው ብርቱካንማና ቢጫ አበባ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ የዚህን እትም የጥያቄና መልስ ዓምድ ለእነርሱ ብቻ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፤ ከሞጆ አካባቢ

ግማሽ ሄክታር በመስኖ የሚለማ መሬት አለኝ። እስካሁን ሽንኩርትና ቲማቲም እያፈራረቅሁ አመርታለሁ፤ ነገር ግን ሽንኩርት አንድ ዓመት ዋጋ ያወጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የለቃሚ ወጪውን እንኳ ሳይመልስ ማሳ ላይ ይቀራል። በቅርቡ አንድ ዘመዴ በሕንድ አገር ገበሬዎች በማሪጎልድ እንደከበሩ፣ በሄክታር እስከ 20 ቶን እንደሚያገኙና በሦስት ወር ውስጥ ገንዘብ እንደሚቆጥሩ የሚናገር ቪዲዮ አሳየኝ። እውነት ነው? እኔስ ልግባበት?

መልስ

ቁጥሩ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ትልልቅ አበባ የሚያወጣውና የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሆኖ ሳለ ‹የአፍሪካ ማሪጎልድ› የሚል ስም የወጣለት ዓይነት፣ በሕንድ በደንብ ከተያዘ በሄክታር ከ11 እስከ 18 ቶን፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ትኩስ አበባ ይሰጣል። ቪዲዮው ያልነገረዎት ያን ሁሉ አበባ ማን እንደሚገዛው ነው። በሕንድ ማሪጎልድ የበዓል፣ የሠርግና የቤተ መቅደስ አበባ ስለሆነ፣ በዱሴራና በዲዋሊ ሰሞን በኮልካታው የሙሊክ ጋት ገበያና በሙምባዩ ዳዳር በከረጢት ተቆልሎ በኪሎ ይሸጣል፤ በክር ተሰክቶም ጉንጉን ይሆናል። በሜክሲኮም ሙታን በሚታሰቡበት በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 እና 2 መቃብሩና ቤቱ በዚሁ አበባ ስለሚያጌጥ፣ የፑዌብላ ግዛት ገበሬዎች የዘር ቀናቸውን የሚቆጥሩት ወደ እነዚያ ሁለት ቀናት ነው። የእኛ የበዓል አበባ ግን አደይ ነው። አደይን ደግሞ ማንም አይዘራውም፤ ክረምቱ ሲወጣ ራሱ ሜዳውን ይሞላዋል፣ ልጆችም ቆርጠው፣ በእቅፍ በእቅፍ አስረው ይሸጡታል። ስለዚህ እርስዎ በታኅሣሥ ወር በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ትኩስ ማሪጎልድ ጭነው ሞጆ ወይም አዲስ አበባ ቢገቡ፣ ተከራክሮ የሚገዛዎት ነጋዴ አይጠብቅዎትም። እንደ ጽጌረዳ በአውሮፕላን እንላከው እንዳይባልም፣ ይህ አበባ ከክብደቱ ከ85 በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ ለውኃ የአየር ጭነት መክፈል አያዋጣም።

ገበያው ያለው በቀለሙ ውስጥ ነው። የማሪጎልድ ቅጠለ አበባ ሉቲን የተባለውን ቢጫ ቀለም አከማችቶ ይይዛል። ይህ ቀለም በዓለም ገበያ በዋነኝነት የእንቁላል አስኳል ቢጫ እንዲሆን ለዶሮ መኖ ይውላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ለምግብ ማቅለሚያና ለዓይን ጤና ተብለው ለሚሸጡ እንክብሎች ይገዛል። በአውሮፓ የምግብ ማሸጊያ ላይ ‹ኢ161ቢ› የሚል ቁጥር ካዩ እርሱ ነው። በደቡብ ሕንድ በካርናታካና በታሚል ናዱ ግዛቶች ቀለም የሚያወጡ ኩባንያዎች ለገበሬው ዘር ሰጥተው፣ ዋጋ አስቀድመው ቆርጠው፣ አበባውን በውል ይረከቡታል። ቻይናም በሰፊው ታመርታለች። ፋብሪካዎቹ አበባውን አየር በማይገባበት ሁኔታ ጠቅጥቀው ካቦኩት በኋላ ይጨምቁታል፣ ያደርቁታል፣ እንክብል ያደርጉታል፣ በመጨረሻም ሄክሴን በተባለ ፈሳሽ ቀለሙን ያወጡታል። ይህ የትልቅ ካፒታል ሥራ ስለሆነ የግማሽ ሄክታር ባለቤት ሊያስበው አይገባም። ለእርስዎ አቅም የሚቀርበው አበባውን ራስዎ አድርቀው ለእንቁላል ዶሮ አርቢዎችና ለመኖ አቀነባባሪዎች መሸጥ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት ነው። ዘር ከመግዛትዎ በፊት ከሞጆ እስከ ቢሾፍቱና አዳማ ያሉትን የዶሮ እርባታዎችና መኖ ፈጪዎች ይዙሩና የአስኳል ማቅለሚያ ከየት፣ በስንት እንደሚገዙ ይጠይቁ። የገበያውን ስፋት ለመገመት የሚከተለው ስሌት ይረዳዎታል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። 10,000 ዶሮ ያለው እርባታ በወር 345 ኩንታል መኖ ይጨርሳል፤ በእያንዳንዱ ኩንታል ሩብ ኪሎ የደረቀ አበባ ቢጨምር በወር የሚያስፈልገው 86 ኪሎ ብቻ ነው። የእርስዎ ግማሽ ሄክታር ደግሞ ወደ ታች ባዘነበለ ግምት በሄክታር 12 ቶን ቢሰጥ 6 ቶን ትኩስ ይወጣዋል። ትኩሱ ሲደርቅ ከ8 እስከ 10 ኪሎው አንድ ኪሎ ስለሚሆን፣ እጅዎ ላይ የሚቀረው ከ600 እስከ 750 ኪሎ ነው። ይህም ማለት አንድ መካከለኛ እርባታ ምርትዎን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ውስጥ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ሁለት ደንበኛ ካገኙ ሥራው በእግሩ ይቆማል፤ አንድም ካላገኙ ግን በዚህ ዓመት ሽንኩርትዎን ይትከሉና ማሪጎልድን በሁለት መቶ ካሬ ሜትር ላይ ብቻ ይሞክሩት። ውል ካሰሩም ዋጋው በትኩስ ክብደት፣ በደረቅ ክብደት ወይስ በቀለም መጠን እንደሚሰላ፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚችል፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ ገዢው በቀጠሮው ቀን ባይመጣ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም በጽሑፍ ያስፍሩ። አበባ ገዢ እስኪመጣ ተክሉ ላይ አይቆይም።

ወደ እርሻው ስንመጣ ማሪጎልድ ብዙም የማያስቸግር ተክል ነው፤ ሁለት ነገሮችን ግን አይችልም። አንደኛው ውርጭ ነው፤ ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በሚወርድበት ደጋ አይሞከርም። ሁለተኛው ሥሩ ላይ የሚቆም ውኃ ነው። መሬትዎ መረሬ ወይም ዋልካ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ቦዩን በመሃል ማሳለፍ ግዴታ ነው፤ ለስላሳና ውኃ የሚያሳልፍ አፈር ከሆነ ግን በተራ ቦይ ይበቃል። በእርስዎ አካባቢ የሚመቸው ጊዜ ዘሩን በመስከረም አጋማሽ መደብ ላይ አፍልቶ፣ ችግኙ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሞላውና ሦስት አራት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ በጥቅምት አጋማሽ ወደ ማሳ ማዛወር ነው። እንዲህ ከሆነ ለቀማው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ስለሚውል ማድረቂያው ዝናብ አያየውም። እዚህ ላይ ‹በሦስት ወር ገንዘብ› የተባለውን ያርሙልኝ፤ በሦስት ወር የሚታየው የመጀመሪያው አበባ ነው፣ ሥራው የሚጠናቀቀው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

በዘር ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። በሕንድ የተለመደው ምክር ለሄክታር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ዘር ነው፤ ይህ ግን መደብ ላይ ለሚበትን ሰው የተሰላ ነው። አንድ ግራም ዘር 300 ያህል ፍሬ ይይዛል። ተክል ከተክል 45፣ መስመር ከመስመርም 45 ሴንቲ ሜትር ቢያራርቁ ግማሽ ሄክታርዎ 24,700 ያህል ችግኝ ይወስዳል። በችግኝ ትሪ ፍሬውን አንድ በአንድ የሚዘራ ገበሬ፣ የማይበቅለውን ጨምሮ እንኳ፣ 120 ግራም ዘር ይበቃዋል። ጥሩ ዘር ውድ ስለሆነ ትሪው ዋጋውን በዚያው ወቅት ይመልሳል።

ለማዳበሪያ በሚገባ የበሰለ ፍግ በግማሽ ሄክታር 10 ቶን ያህል፣ በተከላ ጊዜ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ፣ ከዚያም ዩሪያ ከ60 እስከ 70 ኪሎ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ የአፈር ምርመራ ካለዎት ግን ምርመራውን ይከተሉ። ዩሪያ ማብዛት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ማሳው ለዓይን ደስ የሚል አረንጓዴ ይሆንና አበባው ይሳሳል። ሌላው ገበሬዎች የሚሳሱለት ሥራ ጫፍ መቆንጠጥ ነው። ብዙዎቹ የአፍሪካ ማሪጎልድ ዝርያዎች ቀኑ ሲያጥር ለማበብ ይቸኩላሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ተክሉ ገና ሳይዳብር አናቱ ላይ አንዲት አበባ ይዞ ብቅ ይላል። ከተከላው ከ30 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ያን ጫፍ በጣት ቢቀጥፉት የመጀመሪያው ለቀማ በጥቂት ቀናት ይዘገያል፤ በምትኩ ግን ተክሉ ወደ ጎን ቅርንጫፍ አውጥቶ ብዙ አበባ ይይዛል። ከተባይ ወገን በደረቁ ወራት ቀይ ሸረሪት ቅጠሉን ከሥር ያገረጣዋል፣ ጓይ ትል ደግሞ እምቡጡን ይበሳል። አበባው ወደ መኖ የሚሄድ ስለሆነ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ ኬሚካል መርጨት የለብዎትም፤ ማሳውን በየሁለት ቀኑ እየዞሩ የተበሳውን እምቡጥ መልቀም ይሻላል።

ትርፉ የሚወሰነው በለቀማውና በማድረቂያው ላይ ነው። አንድ ደህና አበባ 7 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ኪሎ 140 አበባ ነው ካልን 6 ቶን ማለት 840,000 አበባ ነው፤ ይህ ሁሉ በእጅ፣ አንድ በአንድ፣ በየአራት ቀኑ ይለቀማል። በወቅቱ ውስጥ ወደ 17 ዙር ሲደርስ በአንድ ዙር 350 ኪሎ መሆኑ ነው። ስለዚህ የቀን ሠራተኛ ከመቅጠርዎ በፊት ራስዎ አንድ ሰዓት ይልቀሙና ይመዝኑት፤ ከዚያ የሚገኘው ቁጥር ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ወጪዎን በትክክል ይነግርዎታል። የሚለቀመው ሙሉ በሙሉ የፈካው ብቻ ነው፤ ጤዛው ደርቆ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከረፋዱ በፊት።

የተለቀመው በዚያው ቀን መዘርጋት አለበት። ይህን የተማርኩት ከራሴ ስንፍና ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የሙከራ ማሳ ላይ አመሻሽተን የለቀምነውን 40 ኪሎ ያህል አበባ ‹ነገ በጠዋት እንዘረጋዋለን› ብለን ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀን አሳደርነው። ጠዋት እጄን ወደ ጆንያው መሃል ስሰድ ምድጃ አጠገብ የቆየ ሊጥ ይመስል ሞቆ ጠበቀኝ፤ ዳርና ዳሩ ብርቱካንማ ቢሆንም መሃሉ ቡናማ ሆኖ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሽታውም የከረመ አተላ ነበር። ፋብሪካ አበባን ሆን ብሎ ያቦካል ብያለሁ፤ ልዩነቱ ፋብሪካው አየሩን ጨርሶ ማስወጣቱ ነው፣ በጆንያ ግን አየር ገብቶ ያሻግተዋል። ማድረቂያው ጥላ ያለውና ነፋስ የሚያሳልፍ ቆጥ መሆን ይገባዋል፤ ቀለሙን የሚያጠፋው ፀሐይ ስለሆነ በሸራ ላይ ዘርግቶ ለፀሐይ መስጠት አበባውን ያደርቀዋል፣ የሚሸጠውን ነገር ግን ያሳጣል። በካሬ ሜትር ከ3 ኪሎ ሳይበልጥ ሳስቶ ይዘርጋ። ለ350 ኪሎ 120 ካሬ ሜትር ያህል ቆጥ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ሊደርቅ ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሚወስድ ስለሆነና አራተኛው ቀን ላይ ሌላ ለቀማ ስለሚመጣ፣ ሁለት ደርብ ቆጥ ቢሠሩ አይጨነቁም። በጣት ሲያሹት እንደ ደረቀ ጌሾ ቅጠል የሚፈረፈር ከሆነ ደርሷል፤ ብርሃንና አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ።

ሒሳቡን በዚህ መልክ ይዝጉት፦ የዘር፣ የፍግና ማዳበሪያ፣ የውኃ ነዳጅ፣ የለቀማ ጉልበትና የቆጡን ወጪ ደምረው ለ600 ኪሎ ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር አንድ ኪሎ ደረቅ አበባ ያስወጣዎት ዋጋ ነው። ያን ዋጋ መኖ ፈጪው ለሚገዛው ማቅለሚያ ከሚከፍለው ጋር ሲያስተያዩ የእርስዎ ካልረከሰ ወደ ማሳው አይግቡ። ይህ ሁሉ ከብዶ ከታየዎት ደግሞ ሌላ በር አለ። አበባውን ትተው ችግኙን በትንንሽ ጥቁር ፕላስቲክ አሳድገው፣ እምቡጥ ሲይዝ ለሆቴሎች፣ ለግቢ አስዋቢዎችና በየመንገዱ ዳር ለሚገኙ ችግኝ ሻጮች ማስረከብ ይቻላል። ከዘር እስከ ሽያጭ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል፤ ማድረቂያም ለቀማም የለበትም፣ መሬቱም ጥቂት ነው። የከተማ ጎዳናዎች አበባ መትከል በያዙበት በአሁኑ ጊዜ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ ነበር የምጀምረው።

ጥያቄ፤ ከቢሾፍቱ

300 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ደንበኞቼ እንቁላሉ ‹የፈረንጅ ነው፣ አስኳሉ ነጭ ነው› እያሉ የሐበሻ ካመጣሁላቸው የበለጠ እንደሚከፍሉኝ ይነግሩኛል። በግቢዬ ማሪጎልድ ተክዬ ብመግባቸው አስኳሉ ይቀላል? ዶሮዎቹንስ አይጎዳም?

መልስ

እህቴ፣ አስኳልሽ የገረጣው ዶሮዎቹ የፈረንጅ ስለሆኑ አይደለም፤ የሚበሉት ነው የሚያገረጣው። ዶሮ ቢጫውን ቀለም በራሷ መሥራት አትችልም፤ ከምትበላው ነው የምታገኘው። ደጅ ለደጅ የምትውለው የሐበሻ ዶሮ ከሣሩና ከጎመኑ ታገኘዋለች። በጉረኖ የተዘጋችው ደግሞ ከመኖው ብቻ ትጠብቃለች፤ መኖው ውስጥ ያለው በቆሎ ቢጫ ቢሆን ኖሮ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ያህል ቀለም ይሰጣት ነበር። የእኛ አገር በቆሎ ግን በአብዛኛው ነጭ ስለሆነ ከዚህ ቀለም ምንም ያህል የለውም።

ማሪጎልድ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ በዚህ መጠን ሲሰጥም ዶሮን አይጎዳም። ለቤት ሥራ ቅጠለ አበባውን ከአረንጓዴው መያዣ ነጥለሽ፣ ጥላ ላይ አድርቀሽ፣ በሙቀጫ አልመሽ በወንፊት ንፊው። ከዚያም በአንድ ኩንታል መኖ ሩብ ኪሎ ጨምሪ። መጀመሪያ ከጥቂት ኪሎ መኖ ጋር አዋህደሽ ከዚያ ወደ ኩንታሉ ካልጨመርሽው አንዱ ዶሮ ብዙ፣ ሌላው ምንም ሳያገኝ ይቀራል። የአንቺ 300 ዶሮዎች በወር አሥር ኩንታል ገደማ ስለሚበሉ የሚያስፈልግሽ 2.6 ኪሎ ያህል ደረቅ አበባ ነው፤ ለዓመት ፍጆታሽም 230 ካሬ ሜትር መሬት ይበቃል።

የአበባው ቀለም እንደ ዝርያውና እንደ አደራረቁ ስለሚለያይ መጀመሪያ ሃያ ዶሮዎችን ለይተሽ ሞክሪ። ለውጡ በአንድ ቀን አይታይም፤ አስኳል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ በበርካታ ቀናት ስለሚሠራ ሁለት ሳምንት ጠብቂ። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት እንቁላል በነጭ ሳህን ላይ ሰብረሽ ጎን ለጎን አስተያዪ። ቢጫው ደርሶ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቅላት ከፈለግሽ ማሪጎልድ ብቻውን አያመጣውም፤ ከማያቃጥል ቀይ በርበሬ ዱቄት ጥቂት ይጨመርበታል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አስኳሉ ስለቀላ ‹የሐበሻ ነው› ብለሽ አትሽጪ። ‹አበባ የሚበሉ ዶሮዎች እንቁላል› ብትዪ እውነት ከመሆኑም በላይ ሰው ለማየት ይመጣል።

ጥያቄ፤ ከመቂ

ቲማቲሜ በደህና ከበቀለ በኋላ ይገረጣል፣ ቀን ቀን ይጠወልጋል። ስነቅለው ሥሩ እንደ መቁጠሪያ በእባጭ ተሞልቷል። የግብርና ባለሙያው ኔማቶድ የሚባል፣ ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን የአፈር ትል ነው አለኝ፤ ጎረቤቴ ደግሞ በማሳው ዙሪያ ማሪጎልድ ብተክል እንደሚጠፋ ነገረኝ። በዚያውም አበባውን ብሸጠው ብዬ አሰብኩ።

መልስ

የጎረቤትዎ ምክር መሠረት ያለው ቢሆንም በአፈጻጸሙ ላይ ተሳስቷል። የማሪጎልድ ሥር አልፋ ተርቲየኒል የሚባል፣ ኔማቶድን የሚገድል ንጥረ ነገር አለው፤ ነገር ግን ይሠራ ዘንድ ትሉ ሥሩን መንካትና ወደ ውስጡ መግባት አለበት። ጠረፍ ላይ የተተከለ ማሪጎልድ የሚያጸዳው ጠረፉን ነው፤ መሃሉ ላይ ያለውን ቲማቲም አይደርስለትም። በቲማቲም መሃል ጣልቃ መትከሉም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የሚሠራው ማሪጎልድን እንደ አንድ ሙሉ ሰብል ማፈራረቅ ነው፤ ሆላንዶች ለእንጆሪና ለድንች ማሳቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ቲማቲሙን ካነሱ በኋላ የተበከሉትን ሥሮች ለቅመው ያቃጥሉ፤ ከዚያም ‹የፈረንሳይ ማሪጎልድ› የሚባለውን አጭሩን ዓይነት ተክል ከተክል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አቀራርበው ማሳውን በሙሉ ይሸፍኑ። ቢያንስ ሁለት ወር ተኩል ይቆይ። በዚህ ጊዜ አረም ፈጽሞ መኖር የለበትም፤ ኔማቶዱ በአንድ የአረም ሥር ተጠግቶ ከተረፈ ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ከርክመው ወደ አፈሩ ይቀልብሱትና ቲማቲሙን ይትከሉ። ውጤቱ በዋናነት ለሚቀጥለው አንድ ሰብል ነው፤ ትሉም ከማሳው ፈጽሞ አይጠፋም፣ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ። ሁሉም የማሪጎልድ ዝርያ ሁሉንም የኔማቶድ ዓይነት አያጠቃምና የሥሩን ናሙና ወደ ምርምር ማዕከል ወስደው ዓይነቱን ቢያስለዩ ይመረጣል። ሚ የተባለውን ዘረመል የያዙ፣ ኔማቶድ የሚቋቋሙ የቲማቲም ዝርያዎችም አሉ፤ የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ግን መቋቋማቸው ስለሚላላ በሞቃቱ ወራት ብቻቸውን አይታመኑም። በፈረንጆቹ ከ2012 ጀምሮ በአገራችን የታየችውንና ቱታ አብሶሉታ የምትባለውን የቲማቲም ተባይ ደግሞ ማሪጎልድ ያባርርልኛል ብለው አይጠብቁ፤ እርሷ ከቅጠልና ከፍሬ እንጂ ከሥር ጋር ጉዳይ የላትም።

ስለ ሽያጩ፦ የፈረንሳዩ ዓይነት አበባ ትንሽ ስለሆነ አንድ ኪሎ ለመሙላት የሚፈጀው ጉልበት ከትልቁ ዓይነት እጅግ ይበልጣል። በቤትዎ የሥራ እጅ ካለ ይልቀሙት፤ በቀን ሠራተኛ ከሆነ ግን የሚያገኙት ጥቅም ቀጣዩ ቲማቲም ነውና አበባውን ማሳው ላይ ይተዉት።

ጥያቄ፤ ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ

በክረምት ወደ አገር ቤት ስመጣ ባሕር ዳር ላለው ወንድሜ የማሪጎልድ ዘር በሻንጣዬ ላመጣለት አስቤያለሁ። በግቢዬ ካለው አበባ የለቀምኩት ዘር ይሆነዋል? ደግሞስ ይህ አበባ አደይ አበባ አይደለም እንዴ? እዚህ ያለን ሰዎች ለእንቁጣጣሽ በእርሱ ነው የምንተካው።

መልስ

ለበዓሉ በማሪጎልድ መተካታችሁን የሚነቅፍ የለም፤ ተክሉ ግን አደይ አይደለም። ሁለቱም ከኑግና ከሱፍ ጋር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ የአደይ የቅርብ ዘመድ ግን በየእርሻው ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጨጎጊት ነው።

ዘሩን በሻንጣ ማምጣቱን ይተዉት። ማንኛውም ዘር ወደ አገር ሲገባ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከሚነሣበትም አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ያለ እነዚህ አየር ማረፊያ ላይ ቢወሰድብዎ ቅሬታ ማቅረብ አይችሉም። ከዚያም በላይ ዛሬ በመደብር የሚሸጡት ትልልቅ ማሪጎልዶች ብዙዎቹ ድቅል ስለሆኑ፣ ከእነርሱ የተለቀመ ዘር ሲበቅል ግማሹ ረጅም፣ ግማሹ አጭር፣ አንዱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላው ቅጠለ አበባው የሳሳ ይሆናል። አንዳንዶቹ ድቅሎችም ጭራሽ ዘር አይቋጥሩም። ለግቢ ውበት ይህ ምንም አይደል፤ ምርቱን ለሚሸጥ ሰው ግን ወጥ ያልሆነ ማሳ በአንድ ቀን አይለቀምም። ወንድምዎ ድቅል ያልሆነ ዘር እዚያው ካሉ ሕጋዊ አስመጪዎች አንድ ጊዜ ገዝቶ፣ በሁለተኛው ዓመት ከማሳው መሃል ጠንካራና ትልልቅ አበባ ያላቸውን ሃያ ሠላሳ ተክሎች በክር ምልክት አድርጎ፣ አበባቸውን ሳይለቅም እስኪደርቁ ቢተዋቸው የራሱ ዘር ይኖረዋል። በእርስዎ በኩል የሚሻለው እርዳታ የችግኝ ትሪ መላክ ነው።